ኮምፒውተራችሁ የምታዩትን ለማን ያሳያል?

(ይህ ጽሑፍ በሳምንታዊው የቴሌቪዥን ትንታኔ ላይ የቀረበ ንግግር ወደ ጽሑፍ ተመልሶ የቀረበ ነው።)

 

ዛሬ ከወትሮው ወጣ ያለ ጉዳይ ይዤ ነው የቀረብኩት። እንደምታውቁት የእኔ ትምህርት ፖለቲካል ሳይንስ ነው። በዚህ ወንበር ላይ ስቀመጥ የማወራችሁ ስለ ፓርቲ፣ ስለ ሕገ መንግሥት፣ ስለ ሥልጣን ነው። ዛሬ ግን የማወራችሁ ስለ ኮምፒውተር ስክሪን ነው። አንድ ፕሮግራም እናንተ በስክሪናችሁ ላይ የምታዩትን ነገር እንዴት አድርጎ ይቀዳዋል? ሲቀዳስ ማንን ያስፈቅዳል? "ይሄ የቴክኒክ ሰዎች ጉዳይ ነው፣ አንተን ምን አገባህ?" የሚል ይኖራል። እስከ መጨረሻው ከተከታተላችሁኝ፣ ነገሩ ከሥልጣን ጥያቄ ብዙም እንደማይርቅ ታያላችሁ።

ያነሳሁበትን ምክንያት ልንገራችሁ። ከጥቂት ሳምንታት በፊት አንድ ወጣት ከአገር ቤት ደወለልኝ። በሚሠራበት አካባቢ የሚያየው ነገር አለ፤ ለሕዝብ መድረስ አለበት ብሎ ያምናል። ሰነድ ሊልክልኝ ፈልጎ መጀመሪያ የጠየቀኝ ይህንን ነው፦ "ጋሼ፣ ይሄ የምንነጋገርበት መስመር የተቆለፈ ነው አይደል? ማንም አያየውም?" እኔም "የተቆለፈ ነው፣ አትጨነቅ" አልኩት። በሙሉ ልብ ነው ያልኩት። ልጁም አምኖኝ ላከ።

በማግስቱ ይህንን በስቱዲዮአችን የቴክኒክ ሥራ ለሚሠራው ወጣት አጫወትኩት። ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና "ጋሼ፣ መስመሩስ ተቆልፏል። እርስዎ ግን የሚያነቡት ተከፍቶ አይደለም እንዴ?" አለኝ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ በዚያ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከዚያ በኋላ ያገኘሁትን ባለሙያ ሁሉ ስጠይቅ፣ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ሰነበትኩ። የተረዳሁትን በቀላል አማርኛ ላካፍላችሁ።

ስለ መልእክት ደኅንነት ስናወራ ሁላችንም የምናወራው ስለ መንገዱ ነው። መልእክቱ ከአዲስ አበባ ተነስቶ ዋሽንግተን እስኪደርስ ድረስ ተመስጥሮ ይጓዛል፤ መሀል ላይ የጠለፈው ሰው ትርጉም የሌለው ዝብርቅርቅ ነው የሚያገኘው። ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ አላጣጥለውም። (በነገራችን ላይ፣ በቴሌግራም ይህ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚደርሰው ምስጠራ የሚሠራው ሚስጥራዊ ቻት በሚባለው ብቻ እንጂ በተራው ቻት አይደለም። ብዙ ሰው ይህንን አያውቅም።) ነገር ግን የሰው ዓይን ምስጢራዊ ኮድ አያነብም። መልእክቱ ሲደርስ ኮምፒውተሩ ቁልፉን ፈትቶ፣ ፊደል በፊደል ስሎ፣ ስክሪኑ ላይ ማስቀመጥ አለበት። በዚያች ደቂቃ መልእክቱ ራቁቱን ነው።

አሁን ስክሪን ምን እንደሆነ እንይ። ብዙዎቻችን የምንጠቀምበት ስክሪን በአግድም 1920፣ በቁም 1080 ነጥቦች አሉት። እነዚህን ነጥቦች ፒክሰል ይሏቸዋል። ስናባዛው 2,073,600 ነጥብ ይመጣል። ለእያንዳንዱ ነጥብ ቀለሙን ለመመዝገብ አብዛኛውን ጊዜ 4 ባይት ይያዝለታል። ስለዚህ በማንኛዋም ቅጽበት የምታዩት ሙሉ ስክሪን በኮምፒውተሩ ሜሞሪ ውስጥ የተቀመጠ 8,294,400 ባይት ነው፤ 8 ሜጋባይት አካባቢ ማለት ነው። ያንን ሜሞሪ ማንበብ የቻለ ፕሮግራም እናንተ የምታዩትን ሁሉ ያያል። ጽሑፉ አማርኛ ይሁን እንግሊዝኛ፣ ፎቶ ይሁን የባንክ ደረሰኝ፣ ሲግናል ይሁን ኢሜይል፣ ለእሱ ሁሉም ነጥብ ነው። የትኛውም የምስጠራ ሶፍትዌር እዚህ ቦታ ላይ አይከላከልም፤ ምክንያቱም ሥራውን ጨርሶ ወጥቷል።

ታዲያ ይህንን ለመቅዳት ምን ያህል ሊቅ መሆን ያስፈልጋል? መልሱ ነው ያስደነገጠኝ። በዊንዶውስ ላይ ያለው ጥንታዊው ዘዴ አራት እርምጃ ነው። መጀመሪያ ፕሮግራሙ "ጌት ዲሲ" በሚባል ትእዛዝ የመላውን ስክሪን መያዣ ከሲስተሙ ይቀበላል። ሁለተኛ፣ "ክሪኤት ኮምፓቲብል ቢትማፕ" በሚባል ትእዛዝ የስክሪኑን ያህል ስፋት ያለው ባዶ ገጽ በሜሞሪ ውስጥ ያዘጋጃል። ሦስተኛ፣ "ቢት ብሊት" በሚባል ትእዛዝ ስክሪኑን በባዶው ገጽ ላይ ይገለብጠዋል። አራተኛ፣ የተገለበጠውን በፋይል ያስቀምጠዋል። በቃ። የፕሮግራም ትምህርት የጀመረ ተማሪ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊጽፈው ይችላል። የ"ቢት ብሊት" ሐሳብ ራሱ በ1970ዎቹ አጋማሽ በካሊፎርኒያ በዜሮክስ የምርምር ማዕከል የተወለደ ነው፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ማለቴ ነው፤ ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም ሁሉ እንዲሁ ናቸው። የተፈጠረው ለስለላ አልነበረም፤ መስኮቶችን በስክሪን ላይ በፍጥነት ለማንቀሳቀስ ነበር።

አሁን ከአራቱ እርምጃዎች ውስጥ የጎደለውን አስተውሉ። ከአራቱ በየትኛውም ላይ ባለቤቱ አይጠየቅም። "ይህ ፕሮግራም ስክሪንህን ሊቀዳ ነው፤ ትፈቅዳለህ?" የሚል የለም።

ዊንዶውስን ብቻ አልወቅስም። በ1984 በአሜሪካው ኤምአይቲ የተጀመረውና በዩኒክስ፣ በኋላም በሊኑክስ ላይ ለብዙ ዓመታት ያገለገለው "ኤክስ" የሚባለው የመስኮት ሲስተም እንዲሁ ነው። ከስክሪኑ ጋር የተገናኘ ማንኛውም ፕሮግራም "ኤክስ ጌት ኢሜጅ" ብሎ የመላውን ስክሪን ምስል መጠየቅ ይችላል፤ ሲስተሙም ይሰጠዋል። ይህ የተንኮል ሥራ አልነበረም። በዚያ ዘመን በአንድ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ፕሮግራም ሁሉ የቤት ሰው ነው ተብሎ ይታመን ነበር። ሁሉም በሚተዋወቅበት መንደር በር እንደማይቆለፈው ማለት ነው። መንደሩ ዓለምን የሚያክል ከተማ ሲሆን ግን በሩ ሳይቆለፍ ቀረ።

ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ ስክሪን መቅዳት ብዙ መልካም ነገር ይሠራል። እናንተ አሁን የምታዩትን ካርታና ሰነድ ከኮምፒውተሬ ወደ ስርጭቱ የሚያመጣው ይኸው ቴክኖሎጂ ነው። የዕድር ስብሰባ በዙም ስናደርግ ጸሐፊው የሒሳብ ሪፖርቱን የሚያሳየን በዚሁ ነው። ልጅ ከሚኒሶታ ሆኖ ለእናቱ የኦንላይን ፎርም አሞላል የሚያሳየው በዚሁ ነው። ለእንዲህ ዓይነት ሥራ ግን የቀደመው ዘዴ ከበደ። አስቡት፦ 8 ሜጋባይቱን በሴኮንድ 30 ጊዜ ብትገለብጡት በሴኮንድ ወደ 249 ሜጋባይት ይሆናል። ይህንን አብዛኛው የቤት ኢንተርኔት አይሸከመውም። ስለዚህ ፕሮግራመሮች አንድ ብልሃት ዘየዱ፦ የተለወጠውን ብቻ መላክ። በ1990ዎቹ በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ በነበረ ቤተ ሙከራ የተሠራው "ቪኤንሲ" ስክሪኑን በአራት ማዕዘን እየከፋፈለ የተቀየረውን ቦታ ብቻ ይልክ ነበር። ማይክሮሶፍትም በ2012 ከዊንዶውስ 8 ጋር "ዴስክቶፕ ዱፕሊኬሽን" የሚባል መንገድ አመጣ። በዚህኛው ፕሮግራሙ አዲሱን ምስል ከግራፊክስ ካርዱ ይረከባል፤ የትኛው ቦታ እንደተለወጠ፣ የትኛው ከቦታ ቦታ እንደተንቀሳቀሰ የሚናገር ዝርዝር አብሮ ይደርሰዋል። ቪዲዮው የማይንተባተበው ለዚህ ነው።

ሰላይ ግን ይህ ሁሉ ፍጥነት አያስፈልገውም። ፊልም መሥራት አይደለም ዓላማው። በየ10 ሴኮንዱ አንድ ስክሪንሾት ቢያነሳ በ8 ሰዓት የሥራ ቀን 2,880 ምስል ይሆንለታል። እያንዳንዱን ጨምቆ ሲያሳንሰው ጥቂት መቶ ኪሎባይት ነው። ከፈለገ ደግሞ ኢሜይል ሲከፈት ብቻ፣ ወይም ማውሱ በተነካ ቁጥር ብቻ አንሳ ብሎ ማዘዝ ይችላል። ኮምፒውተሩ አይዘገይም፣ ማራገቢያው አይጮህም፤ ባለቤቱ የሚያውቀው ነገር የለም።

ወገኖቼ፣ ይህ ለእኛ ተረት አይደለም። ታሪካችን ነው።

እ.ኤ.አ ታኅሣሥ 20 ቀን 2013 በሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥ፣ በሁለት የኢሳት ባልደረቦች ላይ ሦስት ጊዜ የስለላ ሶፍትዌር የመጫን ሙከራ ተደረገ። ይህንን መርምሮ በየካቲት 2014 ይፋ ያደረገው በካናዳ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ሲትዝን ላብ ነው። ሶፍትዌሩ ሚላን ከተማ የነበረው "ሃኪንግ ቲም" የተባለ ኩባንያ የሠራው "ሪሞት ኮንትሮል ሲስተም" ነበር። ፋይል ይገለብጣል፣ የስካይፕ ጥሪ ይቀዳል፣ የምትጽፉትን የይለፍ ቃል ይለቅማል፣ ካሜራና ማይክሮፎን ይከፍታል፣ ስክሪን ያነሳል። ኩባንያው የሚሸጠው ለመንግሥታት ብቻ እንደሆነ ራሱ ይናገር ነበር። በሐምሌ 2015 ደግሞ ሰላዩ ራሱ ተሰለለ፤ የሃኪንግ ቲም 400 ጊጋባይት የሚሆን የውስጥ ሰነድ አደባባይ ወጣ። ከደንበኞቹ ዝርዝር ውስጥ የኢትዮጵያ የመረጃ መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ፣ ኢንሳ፣ ተገኘበት።

ከዚያም በፊት፣ በመጋቢት 2013፣ ያው ተቋም "ፊንስፓይ" የተባለ ሌላ ሶፍትዌር የግንቦት 7 አባላትን ፎቶግራፍ ማጥመጃ አድርጎ ሲሰራጭ ማግኘቱን ገልጾ ነበር። ያንኑ ፊንስፓይ አስቀድሞ በ2012 በባሕሬን ተቃዋሚዎች ላይ ሲመረምረው ስክሪንሾት እንደሚያነሳ አረጋግጧል። በታኅሣሥ 2017 ደግሞ ሳይበርቢት በተባለ የእስራኤል ኩባንያ የተሠራ የስለላ ሶፍትዌር፣ የአዶቤ ፍላሽ ማሻሻያ መስሎ፣ በውጭ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ላይ መዝመቱን አሳወቀ፤ የኦሮሚያ ሚዲያ ኔትወርክ ከዒላማዎቹ አንዱ ነበር። እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ የፖለቲካ ወገኑ የተለያየ ነው። ትናንት አንዱ፣ ከትናንት ወዲያ ሌላው። ስክሪን የሚቀዳ ፕሮግራም ዘር አይመርጥም፣ ፓርቲ አይለይም፤ የያዘው ሰው ወደ ፈለገው አቅጣጫ ያዞረዋል። "በእነ እገሌ ላይ ስለሆነ ይበላቸው" ያለ ሰው ነገ ተራው ሲደርስ የሚጮህለት አያገኝም።

አሁን ወደ እኔ ሙያ ልመለስ። በሜሪላንድ የሚኖር አንድ ትውልደ ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊ አለ፤ ፍርድ ቤት "ኪዳኔ" በሚል የብዕር ስም እንዲቀርብ ፈቀደለት። ከጥቅምት 2012 እስከ መጋቢት 2013 ድረስ ፊንስፓይ ኮምፒውተሩ ላይ ተጭኖ የስካይፕ ጥሪውን፣ ኢሜይሉን፣ የቤተሰቡን የኢንተርኔት ፍለጋ ሳይቀር ሲቀዳ ነበር ብሎ የኢትዮጵያን መንግሥት በ2014 ዋሽንግተን ላይ ከሰሰ። የገባበት በኢሜይል በተላከ የዎርድ ሰነድ ነበር። በመጋቢት 2017 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ክሱን ሊያየው እንደማይችል ወሰነ። ለምን? የውጭ መንግሥት በአሜሪካ ፍርድ ቤት በእንዲህ ያለ ጉዳት ሊከሰስ የሚችለው ጥፋቱ በሙሉ አሜሪካ ውስጥ የተፈጸመ ሲሆን ነው፤ እዚህ ግን ሐሳቡም ትእዛዙም ከውጭ ነው የመጣው ተባለ።

ይህንን ፍርድ በጥሞና አስቡት። ሰውዬው አሜሪካ ውስጥ ነው። ኮምፒውተሩ አሜሪካ ውስጥ ነው። ስክሪኑ የሚበራው ሜሪላንድ ውስጥ፣ በገዛ ቤቱ ነው። ግን የቀዳው እጅ ውቅያኖስ ማዶ ስለሆነ ዳኛ አልተገኘለትም። እኛ ስደተኞች ድንበር ስንሻገር ከአሳዳጃችን የራቅን ይመስለናል። ስክሪናችን ግን ድንበር የለውም። ሕጉም ገና አልደረሰበትም።

ሕጉ ካልደረሰ ማን ይደርሳል? እዚህ ላይ ነው የፕሮግራመሮቹ ሥራ የፖለቲካ ሥራ የሚሆነው። ባለፉት ዓመታት የኦፐሬቲንግ ሲስተም ሠሪዎች ያንን የጎደለ ጥያቄ ቀስ በቀስ አስገቡት። አንድሮይድ በ2014 በ5.0 ዕትሙ ስክሪን መቅዳትን ለተራ አፕሊኬሽኖች ሲከፍት፣ ባለቤቱ በመልእክት ተጠይቆ እሺ ማለት እንዳለበት አብሮ ደነገገ። አፕል በ2019 ካታሊና በሚባለው የማክ ዕትም ላይ፣ ባለቤቱ በሴቲንግ ውስጥ ለይቶ ካልፈቀደለት በስተቀር አንድ ፕሮግራም የሌሎችን መስኮት ይዘት እንዳያይ አደረገ፤ ያልተፈቀደለት ቢሞክር የሚያገኘው የጀርባውን ሥዕልና የራሱን መስኮት ነው። በሊኑክስ ላይ በ2008 የተጀመረው "ዌይላንድ" ከአሮጌው ኤክስ በተቃራኒ አንዱ ፕሮግራም የሌላውን መስኮት እንዳያይ ተደርጎ ነው የታነጸው፤ መቅዳት የፈለገ ባለቤቱን አስጠይቆ የተመረጠለትን ብቻ ይወስዳል። በዊንዶውስ 10 ላይም በ2018 አዲስ መንገድ መጣ፦ ባለቤቱ የሚቀዳውን መስኮት ራሱ ይመርጣል፣ በሚቀዳው መስኮት ዙሪያም ቢጫ መስመር ይታያል።

ነገር ግን ልብ በሉ፤ በዊንዶውስ ላይ አዲሱ በር ተሠራ እንጂ አሮጌው አልተዘጋም። ያ አራት እርምጃ ያለው ዘዴ ዛሬም ለተራ የዴስክቶፕ ፕሮግራም ይሠራል፤ አይጠይቅም፣ ቢጫ መስመርም አያሳይም። ብዙ ጠቃሚ አሮጌ ፕሮግራሞች ስለሚጠቀሙበት መዝጋቱ ቀላል አይደለም። ለዚህ ነው አንዳንድ አፕሊኬሽኖች ራሳቸውን መከላከል የጀመሩት። ፕሮግራመሩ "ይህ መስኮት አይቀዳ" ብሎ ለሲስተሙ የሚናገርበት ትእዛዝ አለ፤ በአንድሮይድ የባንክ አፕሊኬሽን ከፍታችሁ ስክሪንሾት ስትሞክሩ እምቢ የሚላችሁ ወይም ጥቁር የሚሆንባችሁ በዚህ ነው። በዊንዶውስም ተመሳሳይ ትእዛዝ አለ።

ታዲያ አዲስ ፈተና መጣ። በግንቦት 2024 ማይክሮሶፍት "ሪኮል" የተባለ አገልግሎት አስተዋወቀ። ለአዳዲስ ኮፓይለት ፕላስ ኮምፒውተሮች የታሰበ ነው። በየጥቂት ሴኮንዱ የስክሪኑን ምስል እያነሳ በኮምፒውተሩ ውስጥ ያስቀምጣል፤ በምስሉ ላይ ያለውን ጽሑፍም ያነባል። ዓላማው "ባለፈው ሳምንት ያየሁት ያ ሰነድ የት ነበር?" ስትሉ ፈልጎ እንዲያመጣላችሁ ነው። የደኅንነት ተመራማሪዎች ሲፈትሹት የተነበበው ጽሑፍ በቀላሉ ሊወሰድ በሚችል መልኩ ተቀምጦ አገኙት፤ ጩኸት ተነሳ። ኩባንያው አዘገየው፤ ባለቤቱ ፈቅዶ ካልከፈተው በስተቀር እንዳይሠራና የሚቀመጠውም እንዲመሰጠር አድርጎ በሚያዝያ 2025 ለሰፊው ተጠቃሚ አወጣው። በግንቦት 2025 ሲግናል በበኩሉ በዊንዶውስ 11 ላይ መስኮቱ እንዳይቀዳ የሚያደርገውን መከላከያ ሳይጠየቅ እንዲበራ አደረገ።

ከዚህ የምንማረው አለ። ጩኸቱ ሠርቷል! ተጠቃሚዎችና ባለሙያዎች በመናገራቸው አንድ ግዙፍ ኩባንያ "ካልፈቀድክ አይሠራም" ወደሚለው ተመለሰ። የመብት ጥያቄ ማለት ይኸው ነው። ሳይቃጠል በቅጠል።

ይሁንና ፈቃድ መጠየቁ ብቻውን አያድንም፤ ፈቃድ በማታለል ይወሰዳልና። በዚህ አገር የሚኖሩ አባቶችና እናቶች ስልክ ይደወልላቸዋል። "ከባንክ ነው"፣ "ከኢሚግሬሽን ነው"፣ "ኮምፒውተርዎ ቫይረስ ገብቶበታል" ይባላሉ። ከዚያም "ይህችን ፕሮግራም ይጫኑ፣ እሺ የሚለውን ይንኩ" ይሏቸዋል። ፕሮግራሙ ሕጋዊ ነው፣ ድርጅቶች የሚገለገሉበት ነው። ሲስተሙም በደንብ ጠይቋል። እናታችን ናት እሺ ያለችው። ከዚያ ወዲያ የባንክ ሒሳቧን ከሩቅ ሆኖ አብሯት የሚያይ ሰው አለ። እባካችሁ ለወላጆቻችሁ ዛሬውኑ ንገሯቸው፦ ሳትደውሉለት ደውሎ ስክሪናችሁን አሳዩኝ የሚል ሰው ሌባ ነው። ባንክም ቢሆን፣ መንግሥትም ቢሆን፣ ስልኩን ዝጉትና ራሳችሁ በምታውቁት ቁጥር ደውሉ።

አሁን አንድ ሰው "እኔ የምደብቀው ነገር የለኝም፣ ቢቀዱኝስ ምን ይቀርብኛል?" ሊል ይችላል። ለረጅም ጊዜ እኔም እንዲህ ስል ነበር። እኔ የማስበውን በአደባባይ እናገራለሁ፤ በዚህ ካሜራ ፊት። ምን ይሰርቁኛል? እስቲ ግን አሁን ስክሪናችሁን ከፍታችሁ ተመልከቱት። የማን ስም ነው ያለው? የአክስታችሁ ልጅ ከወልድያ የላከው መልእክት አለ። እዚያ ቡድን ውስጥ የ40 ሰው ስልክ ቁጥር አለ። ገንዘብ የላካችሁለት ሰው ሙሉ ስም አለ። እኔ ጋ ደግሞ የዚያ ወጣት ሰነድ አለ። ስክሪኑ የእኔ ነው፤ በላዩ ላይ ያለው ሕይወት ግን የሌላ ሰው ነው። እኔ ዋሽንግተን ተቀምጬ ቢቀዱኝ የሚቀርብኝ እንቅልፍ ነው። እሱ የሚቀርበት ሥራው፣ ነፃነቱ፣ ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ "እኔ የምደብቀው የለኝም" ማለት ስለ ሌላው ሰው ሆኖ መፈረም ነው። ማንም ውክልና አልሰጠንም።

ታዲያ ምን እናድርግ? ባለሙያዎቹ ያስተማሩኝን በአጭሩ ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ ሌባው መጀመሪያ ቤት መግባት አለበት። ኢሳት ላይ የተሞከረውም፣ ኪዳኔ ላይ የገባውም በተላከ ፋይል ነው። ያልጠበቃችሁት ሰነድ፣ ፎቶ፣ "አሻሽል" የሚል ማሳሰቢያ ሲመጣ አትክፈቱ፤ ከምታውቁት ሰው ቢመጣ እንኳ ደውላችሁ ጠይቁት። ማሻሻያ ከኮምፒውተሩ ከራሱ ሴቲንግ ውስጥ እንጂ በተላከላችሁ ሊንክ አትጫኑ። ከሴቲንግ የሚመጣውን ግን ሳትዘገዩ ጫኑት።

ሁለተኛ፣ ማክ ያላችሁ በሴቲንግ ውስጥ "ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ" ከሚለው ገብታችሁ ስክሪን መቅዳት የተፈቀደላቸውን ፕሮግራሞች ዝርዝር እዩ። የማታውቁት ካለ አጥፉት። ዊንዶውስ ያላችሁ የማትጠቀሙበትን ፕሮግራም፣ በተለይ ከሩቅ ኮምፒውተር የሚያስነካውን ሁሉ፣ ከኮምፒውተራችሁ አውጡ። ሪኮል ያለው አዲስ ኮምፒውተር ከገዛችሁ እንደጠፋ ተዉት።

ሦስተኛ፣ በዙም ስትሰበሰቡ ሙሉውን ስክሪን አታጋሩ፤ የሚታየውን አንዱን መስኮት ብቻ ምረጡ። የዕድር ሪፖርት ለማሳየት ተብሎ የሰው የግል መልእክት ብቅ ሲል ያላየ ማን አለ?

አራተኛ፣ የሰው ሕይወት የተያያዘበት መልእክት የምታነቡ ከሆነ፣ ለዚያ ብቻ የተለየ መሣሪያ ይኑራችሁ። ሌላ ምንም የማይጫንበት፣ ሌላ ፋይል የማይከፈትበት። መልእክቶቹም በራሳቸው ጊዜ እንዲጠፉ አድርጉ። ስክሪን ላይ ያልዋለ ነገር ሊቀዳ አይችልም።

ይህ ሁሉ ተደርጎ እንኳ ፍጹም ደኅንነት የለም። የትኛውም ፕሮግራም ከጀርባችሁ ቆሞ በስልኩ ስክሪናችሁን ፎቶ የሚያነሳውን ሰው አያስቆምም። ቢሆንም በሩን ከፍቶ መተኛትና ቆልፎ መተኛት አንድ አይደለም።

በመጨረሻ፣ ያ ወጣት ምን ሆነ የምትሉ ትኖራላችሁ። መልሼ ደወልኩለት። "ባለፈው 'አትጨነቅ' ያልኩህ ተሳስቼ ነው" አልኩት። "መስመሩ የተቆለፈ ነው፤ የእኔ ኮምፒውተር ግን እንደሱ መሆኑን አላረጋገጥኩም ነበር። የላክኸውን ከዚያ ኮምፒውተር አጥፍቻለሁ። አሁን ለዚህ ብቻ የሚሆን መሣሪያ ይዣለሁ። ከዚህ በኋላ ለመላክም ላለመላክም መብቱ ያንተ ነው።" ትንሽ ዝም አለ። ከዚያም "ጋሼ፣ እውነቱን ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ። ላስብበት" አለኝ።

እስከ ዛሬ አልላከም። አልጠየቅሁትምም። ሰነዱ ለፕሮግራማችን ያስፈልገኝ ነበር፤ አልደብቃችሁም። ነገር ግን ከ30 ዓመት በላይ ስለ ፈቃድ፣ ስለ ሕዝብ ይሁንታ ስናገር የኖርኩ ሰው፣ አንድ ሰው አውቆና አስቦ "እሺ" ወይም "እምቢ" የሚልበትን ዕድል ልነፍገው አልችልም። እናንተም ዛሬ ማታ ኮምፒውተራችሁን ስትከፍቱ፣ በስክሪናችሁ ላይ ያሉትን ሰዎች ስም አንድ ጊዜ ተመልከቷቸው።